ሄርበርት ፍሩድ እና የፍሬን ሸራው

ከሲሪንቃ ወልድያ፣ ከወልድያ ድልብ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል። መንገዱ ይጥመለመላል፣ ሾፌሩ ፍሬን ደጋግሞ ይይዛል፣ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የሚሸተው የፍሬን ሸራው ነው። ጋራዥ ውስጥ ሸራ ሲሉ ስሰማ ይገርመኝ ነበር፤ ብረት ላይ የተለጠፈ ድርቅ ያለ ነገር እንጂ ምኑም ጨርቅ አይመስልም። ለካ መጀመሪያ ላይ እውነትም ጨርቅ ኖሯል! የሠራው ደግሞ ሄርበርት ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው።

ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1864 ዮርክሺር ውስጥ ተወለደ። ኋላ የኖረው ግን ዳገት ቁልቁለት በሚበዛበት በዳርቢሺር ነው። እዚያ ባለጋሪዎች ቁልቁለት ሲወርዱ መንኮራኩሩን በአሮጌ ጫማ ሲይዙት አየ። አሮጌ ጫማ ስንቱ አይቶ አልፏል! እሱ ግን ጓሮው ባለች ጎጆ ውስጥ ሲሞካክር ከርሞ የጥጥ ጨርቅ ደራርቦ፣ በማጣበቂያ ነክሮ፣ ፍሬን የሚይዝ ነገር አወጣ። በ1897 ሥራውን ጀመረ። የድርጅቱን ስም ያገኘው የራሱን ስም ፊደላት አገላብጦ፣ ከባለቤቱ ከኤልሳቤጥ ስም አንድ ፊደል ጨምሮ ነው ይባላል፤ ፌሮዶ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ የፍሬን ሸራን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ጥጥ ሲግል ይከስላል። መኪና እየከበደና እየፈጠነ ሲመጣ ፍሩድ በ1908 ገደማ ወደማይቃጠለው ማዕድን፣ ወደ አስቤስቶስ ዞረ። ፍሬድሪክ ላንችስተር በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር፤ ችግሩ ብረት ብረትን ሲነካ ጩኸቱ አያስቀምጥም። መላው የፍሩድ ሸራ ሆነ። ፍሩድ ግን የዲስክ ፍሬንን ዘመን አላየም። ሲትሮየን ዲኤስ የፊት እግሩን በዲስክ ይዞ የወጣው በ1955 ነው፣ እሱ ያረፈው በ1931።

በዚያው በ1931 እንግሊዝ በአስቤስቶስ ፋብሪካዎች ውስጥ ስላለው አቧራ ደንብ አወጣች። የማይቃጠለው ክር ሳንባ ውስጥ ገብቶም አይጠፋም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። እንግዲህ ብዙ ሰው ከቁልቁለት ያተረፈው ሸራ የሠሩትንና የቀየሩትን ሰዎች ሳንባ ሲበላ ኖሯል ማለት ነው። በፍሩድ ልፈርድ አልችልም፤ ከእሱ በኋላ እያወቁ ለአሥርት ዓመታት የቀጠሉትን ግን መከላከል ይከብደኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ መካኒክ የፊት እግር ካሊፐር ሰርቪስ ሲያደርግ ቆሜ አየሁ። ጎማውን ፈታ፣ ሁለቱን ብሎኖች አወጣ፣ ካሊፐሩን በሽቦ አንጠለጠለው፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። ፒኖቹን ጠርጎ ግሪስ ቀባ፣ ፒስተኑን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋ። ከዚያ ጥቁሩን አቧራ በአፉ እፍ አለው። አዳዲስ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ የለባቸውም፣ አቧራውን በዓይን መለየት ግን አይቻልም። የፍሩድን ታሪክ አጫወትኩት። ጫማው አሳቀው፤ ሳንባው ላይ ስደርስ ዝም አለ። የሌላውን እግር ሲፈታ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነከረ።