ማርጋሬት ማክሚላን

ማርጋሬት ማክሚላን (1860 - 1931 እ.ኤ.አ.) የተማሪዎች ጤና የትምህርት ቤት ሥራ አካል እንዲሆን በእንግሊዝ አገር የታገለች የትምህርት ለውጥ አራማጅ፣ ደራሲና የፖለቲካ ሰው ነበረች። በትምህርት ቤት የሚደረግ የሕክምና ምርመራ፣ የተማሪዎች ምገባ፣ የትምህርት ቤት ክሊኒክና በአየር ላይ የሚካሄድ መዋዕለ ሕፃናት በእንግሊዝ አገር እንዲስፋፉ ካደረጉት ሰዎች አንዷ ናት። አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው ከታላቅ እህቷ ከሬቸል ማክሚላን (1859 - 1917) ጋር በመሆን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ማርጋሬት የተወለደችው ጁላይ 20 ቀን 1860 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዌስትቼስተር ነው። ወላጆቿ ከስኮትላንድ ከኢንቨርነስ አካባቢ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ነበሩ። በ1865 አባቷና ታናሽ እህቷ በበሽታ ሞቱ። ማርጋሬትም በዚያው ጊዜ በስካርሌት ትኩሳት ታማ ሕይወቷ ቢተርፍም የመስማት ችሎታዋን አጣች፤ ጆሮዋ ዳግመኛ የሰማው 14 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እናታቸው ከባሏ ሞት በኋላ ሁለቱን ልጆች ይዛ ወደ ኢንቨርነስ ተመለሰች፤ እህትማማቾቹም እዚያው ተማሩ።

እናታቸው በ1877 ስትሞት ሬቸል አያቷን ለማስታመም ኢንቨርነስ ቀረች። ማርጋሬት ግን የቤት ውስጥ አስተማሪ ለመሆን የሚያበቃትን ትምህርት ለመቅሰም ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ሄደች። ሬቸል በ1887 ኤዲንብራ ውስጥ ከሶሻሊስቶች ጋር ተዋወቀችና ሐሳባቸውን ተቀበለች፤ ታናሿንም ወደዚያው ሳበቻት። በ1888 ሁለቱ እህትማማቾች ለንደን ላይ አብረው መኖር ጀመሩ። በ1889 የወደብ ሠራተኞች ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በተደረገ ጊዜም ከአድማው ጎን ቆሙ።

ማርጋሬት ለተወሰነ ጊዜ ሌዲ ሞ በተባለች ባለጸጋ ሴት ቤት ትኖር ነበር። ሌዲ ሞ ተዋናይ እንድትሆን ልታሠለጥናት ወጪዋን ትከፍልላት ነበር። ይሁን እንጂ ማርጋሬት በሜይ ዴይ ሰልፍ ሃይድ ፓርክ ወጥታ ለሠራተኞች ንግግር ስታደርግ የባለጸጋዋ ድጋፍ ተቋረጠ።

በብራድፎርድ

እህትማማቾቹ በ1892 በሱፍ ፋብሪካዎቿ ወደምትታወቀው የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ወደ ብራድፎርድ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት ነጻ የሠራተኞች ፓርቲ የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ነበር። ማርጋሬት የፓርቲው ተናጋሪና ጸሐፊ ሆና በ1894 ለብራድፎርድ የትምህርት ቤቶች ቦርድ አባልነት ተመረጠች።

በዚያን ጊዜ ትምህርት በሕግ ግዴታ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ ልጁን ወደ ክፍል ማስገባት እንጂ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደሚገባ አይመለከትም ነበር። ብዙዎቹ የብራድፎርድ ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ ነበር። ትልልቆቹ ግማሹን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ግማሹን ቀን ይማሩ ስለነበር ክፍል ውስጥ ድካምና እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር። ልብሳቸው በክረምት መግቢያ ገላቸው ላይ ተሰፍቶ እስከ ክረምቱ ማለቂያ የማይወልቅላቸውም ነበሩ። ቅማል፣ የራስ ቆዳ ጭርት፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የዓይን ድካምና የአጥንት መጉበጥ የተለመዱ ነበሩ። ክፍሎቹ የተጨናነቁ፣ መስኮቶቻቸውም በብርድ ምክንያት የተዘጉ ስለነበሩ መምህሩና ተማሪው ውለው የሚተነፍሱት ያንኑ የታፈነ አየር ነበር።

የብራድፎርድ ቦርድ በ1893 ዶክተር ጄምስ ኬርን የትምህርት ቤቶች ሐኪም አድርጎ ሾሞ ነበር። ይህ በእንግሊዝ አገር ከመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ ሹመቶች አንዱ ነው። ማርጋሬት ከኬር ጋር በመሆን የተማሪዎች የሕክምና ምርመራ እንዲካሄድ ሠራች፤ በብራድፎርድ የተደረገው ይህ ምርመራ በመንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ ከተደረጉት የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ከምርመራው ጎን ለጎን ክፍሎች ንጹሕ አየር እንዲያገኙና ለተማሪዎች የገላ መታጠቢያ እንዲሠራ ቦርዱን ወተወተች። በ1890ዎቹ መጨረሻ በዋፒንግ ሮድ ትምህርት ቤት የተሠራው የመታጠቢያና የመዋኛ ሥፍራ የዚህ ጥረት ውጤት ነው።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ግብር ከፋዮች ቦርዱ የተቋቋመው ለማስተማር እንጂ ለማጠብ አይደለም ይሉ ነበር። ልጅን ማብላትና ማጠብ የወላጅ ግዴታ ስለሆነ መንግሥት እጁን ካስገባ ወላጆች ይሰንፋሉ የሚሉም ብዙ ነበሩ። ማርጋሬት የምትመልሰው ከወጪው ተነስታ ነበር። ለመምህር ደመወዝ፣ ለሕንጻና ለመጽሐፍ የሚወጣው ገንዘብ የራበውና የታመመ ልጅ ፊት ሲቀርብ በከንቱ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የልጁ ጤና ከትምህርቱ ውጭ የሚሰጥ ምጽዋት ሳይሆን የትምህርቱ መነሻ ነው የሚል ነበር ክርክሯ።

የ1906 እና የ1907 ሕጎች

በ1902 የወጣው የትምህርት ሕግ የትምህርት ቤቶች ቦርዶችን አፍርሶ ሥልጣናቸውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች አስተላለፈ። ሴቶች በዚያን ጊዜ ለእነዚህ ምክር ቤቶች መመረጥ ስለማይችሉ ማርጋሬት በምርጫ ያገኘችውን ቦታ አጣች። ብራድፎርድን ለቅቃ፣ የንጽህና ተቆጣጣሪነት ሥልጠና ወስዳ በኬንት ክፍለ ሀገር ትሠራ ወደነበረችው እህቷ ዘንድ ሄደች።

ከቦር ጦርነት (1899 - 1902) በኋላ የአገሪቱ መንፈስ ተለውጦ ነበር። ለውትድርና ከተመዘገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በአካል ብቁ ሳይሆኑ በመገኘታቸው መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1904 ባወጣው ዘገባ የተማሪዎች ምርመራና ምገባ እንዲጀመር አሳሰበ። እህትማማቾቹ በጽሑፍ፣ በስብሰባና ባለሥልጣናትን በማነጋገር ለዚሁ ሐሳብ ይቀሰቅሱ ነበር፤ ከሚያነጋግሯቸው ሰዎች አንዱ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሮበርት ሞራንት ነበር። በብራድፎርድ የማርጋሬት የትግል ጓደኛ የነበረው ፍሬድ ጆዌትም በ1906 የፓርላማ አባል ሆኖ ስለ ተማሪዎች ምገባ ተከራከረ።

በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለተራቡ ተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርቡ ፈቀደ። በ1907 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የተማሪዎችን የሕክምና ምርመራ በመላው እንግሊዝና ዌልስ ግዴታ አደረገ። በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ውስጥም ይህን የሚመራ የሕክምና ክፍል ተቋቋመ።

የትምህርት ቤት ክሊኒክ

አዲሱ ሕግ አንድ ጉድለት ነበረበት። ምርመራውን ግዴታ ሲያደርግ ሕክምናውን ግን ለምክር ቤቶቹ ፈቃድ ተወው። ሐኪሙ የልጁን ጥርስ፣ ዓይንና ጆሮ አይቶ ሕመሙን በካርድ ላይ ይመዘግባል፤ ለወላጅም ይነግራል። ለሐኪም የሚከፍለው የሌለው ወላጅ ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም። በሚቀጥለው ምርመራ ያው ሕመም፣ ብዙ ጊዜም ብሶ፣ እንደገና ይመዘገባል።

ማርጋሬትና ሬቸል መፍትሔው በትምህርት ቤት አጠገብ የሚቆም ክሊኒክ ነው ብለው አመኑ። በ1908፣ ጆሴፍ ፌልስ የተባለ አሜሪካዊ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት በሰጠው ገንዘብ፣ በምሥራቅ ለንደን በቦው ክሊኒክ ከፈቱ። በ1910 ሥራውን በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ወደሚገኘው ድሃ ሰፈር ወደ ዴትፎርድ አዛወሩት። እዚያ ልጆች ጥርሳቸው ይነቀላል ወይም ይሞላል፣ ዓይናቸው ይመረመራል፣ የጆሮና የቆዳ ሕመማቸው ይታከማል፤ የጀርባ መጉበጥ ያለባቸውም አካላቸውን የሚያስተካክል እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር። ሕክምናው በሰፈራቸው ስለሆነ ልጆቹ ሩቅ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው ሙሉ ቀን ከትምህርት አይቀሩም ነበር።

የሌሊት ካምፕ

ክሊኒኩ ሌላ ነገር ገለጠ። ታክመው የዳኑ ልጆች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ሕመም ተመልሰው ይመጡ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ልጁ የሚመለስበት ቤት ግን ያው ጠባብ፣ ጨለማና ውሃ የሌለበት ክፍል ነበር።

ስለዚህ እህትማማቾቹ በ1911 በዴትፎርድ በአንድ ቤት ግቢ ውስጥ ለልጃገረዶች የሌሊት ካምፕ አቋቋሙ። ልጆቹ ማታ መጥተው ገላቸውን ታጥበው በንጹሕ አየር ይተኛሉ፤ ጠዋት ታጥበውና ቁርስ በልተው ወደየትምህርት ቤታቸው ይሄዳሉ። ቀጥሎም ለወንዶች ልጆች ተመሳሳይ ካምፕ ተከፈተ። ሥራው ገንዘብ ያጥረው ነበር፤ የጎረቤት ተቃውሞም አልጠፋም።

መዋዕለ ሕፃናቱ

ከካምፑ የተገኘው ትምህርት ማርጋሬትን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰዳት። አምስት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ከሚገባው ልጅ ላይ የሚታየው ጉዳት፣ በተለይም በፀሐይ ብርሃንና በምግብ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነበር። ስለሆነም በ1914 ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በአየር ላይ የሚካሄድ መዋዕለ ሕፃናት በዴትፎርድ ተከፈተ።

ቦታው ከትልቅ ሕንጻ ይልቅ የአትክልት ሥፍራ ይመስል ነበር። ሕፃናቱ የሚውሉት በአንድ ጎናቸው ወደ አትክልቱ በተከፈቱ ዝቅተኛ መጠለያዎች ውስጥ ነበር። መታጠቢያና መጸዳጃ በቅርባቸው ነበር፤ በቀን ውስጥ ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ፣ ይጫወታሉ። አበባና አትክልት፣ እንስሳት፣ አሸዋና ውሃ የመማሪያ መሣሪያዎቻቸው ነበሩ። የመዋያው ሰዓት ረጅም ስለነበር ሠራተኛ እናቶች ያለ ስጋት ሥራ መዋል ቻሉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም በጥይት ፋብሪካ የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን እዚያ ያውሉ ነበር።

በዚሁ ጦርነት መካከል፣ ማርች 25 ቀን 1917፣ ሬቸል በ58ኛ ዓመት ልደቷ ዕለት ሞተች። ማርጋሬት መዋዕለ ሕፃናቱን በእህቷ ስም ሰየመችው። በ1918 የወጣው የትምህርት ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች መዋዕለ ሕፃናት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ።

የመምህራን ሥልጠና

ማርጋሬት ሕፃናትን መጠበቅ ማንም የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ትቃወም ነበር። ሕመምን በጊዜ ለይቶ የሚያውቅ፣ ስለ ምግብና ንጽህና የሚረዳና እናቶችን የሚያማክር የሠለጠነ መምህር ያስፈልጋል ትል ነበር። በዚህም ምክንያት በዴትፎርድ ማሠልጠኛ ጀመረች። ሠልጣኞቹ ከሕፃናቱ ጋር ይውሉ፣ ቤተሰቦቻቸውንም ይጎበኙ ነበር።

በ1923 የመዋዕለ ሕፃናት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። የኋላ ኋላ ከወግ አጥባቂዋ የፓርላማ አባል ከናንሲ አስተር ጋር የቅርብ ወዳጅ በመሆኗ አንዳንድ የቀድሞ የፓርቲ ጓደኞቿ ቅር ቢላቸውም አስተር ለማሠልጠኛው ግንባታ ብዙ ረዳቻት። በእህቷ ስም የተሰየመውን የሬቸል ማክሚላን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ንግሥት ሜሪ ሜይ 8 ቀን 1930 መርቃ ከፈተችው።

ጽሑፎቿ

ማርጋሬት በጋዜጦች ላይ ከጻፈቻቸው ብዙ ጽሑፎች ሌላ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ (1900)፣ ምናብን በመጠቀም ስለ ማስተማር (1904)፣ ስለ ሕፃናትና ጉልበት ሥራ (1907)፣ ስለ ካምፕ ትምህርት ቤት (1917) እና ስለ መዋዕለ ሕፃናት (1919) የሚናገሩ መጻሕፍት አሳትማለች። በ1927 ያወጣችው የሬቸል የሕይወት ታሪክ ስለ ራሷም ሕይወት ዋነኛ ምንጭ ሆኖ ያገለግላል።

ሞትና ትዝታ

የእንግሊዝ መንግሥት በ1917 እና በ1930 የክብር ኒሻን ሸልሟታል። ኮሌጁ በተከፈተ በዓመቱ፣ በማርች 1931፣ በ70 ዓመቷ አርፋ በብሮክሊ መቃብር ከእህቷ ጋር ተቀበረች።

የትምህርት ቤት ምግብና ወተት ማቅረብ ለአካባቢ ባለሥልጣናት ግዴታ የሆነው እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1944ቱ የትምህርት ሕግ ነው። ኮሌጁ በ1970ዎቹ ራሱን ችሎ መቆሙ ቢያበቃም በሬቸል ስም የሚጠራው መዋዕለ ሕፃናት በዴትፎርድ ሥራውን ቀጥሏል። በብራድፎርድ መሃል ከተማም በማርጋሬት ስም የተሰየመ ሕንጻ ይገኛል።