ዳግማዊ ምኒልክ እና የሸዋ ደን

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በአንጎለላ ከሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ተወስደው በ1857 ዓ.ም. አመለጡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእንጦጦና የአካባቢው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። በቀድሞው ልማድ ማገዶ ሲያልቅ ከተማው ይዛወር ነበር። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ጊንጪና አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ እንጨት በሞላበት ሥፍራ አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ሆኖም መናገሻው አልተዛወረም። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲተከል አበረታቱ፤ ቶሎ ስለሚያድግና ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የማገዶውን ችግር አቃለለ። የተመነጠረውን አገር በቀል ደን ግን አልተካም።

በጊንጪ አቅራቢያ የሚገኘው የጭልሞ ደን ከማዕከላዊ ሸዋ ጥንታዊ ደኖች ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ መንግሥት ብቻውን ሲያስተዳድረው ቆይቶ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር በጋራ እንዲጠብቁትና እንዲጠቀሙበት ተደርጓል።