መሐንዲሱ ሙሴ ኢልግና የፎቶግራፍ ቅርሳቸው

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሥራና የምሕንድስና ባለሙያ በመፈለጋቸው፣ ከሁለት የአገራቸው ልጆች ጋር ተጉዘው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። እንደሚነገረው ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዟቸው ድልድይ ሳይሆን አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠሩ ነበር፤ እርሳቸውም ትእዛዙን ሳይንቁ ፈጸሙ። ከዚያ ወዲያ ድልድይ ሠሩ፤ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት አስገቡ፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ የምድር ባቡር ለመዘርጋት ፈቃድ ተቀበሉ።

ተግባራቸው ግን በድንጋይና በብረት አልተወሰነም። ከኩታበር አጎራባች በሆነው በአምባሰል፣ በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው ቅጂ የተለያየ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ የኢትዮጵያን መብት ለአውሮፓውያን ካስረዱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሲያርፉ፣ የደከሙለት ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ኢልግ ፎቶግራፍ አንሺም ነበሩ። ያነሷቸውና የሰበሰቧቸው ሥዕሎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው በአብዛኛው ጄላቲንና የብር ብሮማይድ በተቀባ መስታወት ላይ ነበር። ብርሃን ያገኘው ቅንጣት በማጠቢያው ፈሳሽ ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ያላገኘው ታጥቦ ይወገዳል። ቅንጣቶቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ስለሆኑ፣ ሥዕሉ ሲጎላ እንደ ጤፍ ፍሬ ይታያሉ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ራሱ ከእነርሱ የተሠራ ነው።

በዲጂታል ካሜራ የሚታየው ኖይዝ ከዚህ የተለየ ነው። ብርሃን የሚቀበሉት ነጥቦች በረድፍ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ኖይዙ የሚመጣው ብርሃን እኩል ባለመውረዱ፣ ከሙቀትና ከኤሌክትሮኒክሱ ነው። አሮጌ መስታወት በዲጂታል ካሜራ ሲገለበጥ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ኖይዙን ለማጥፋት ተብሎ ሥዕሉ በኮምፒዩተር ቢለሰልስ፣ የብሩም ቅንጣት አብሮ ይጠፋል፤ የሰው ፊትና የልብስ ጥልፍም ይደበዝዛል። የሚሻለው አንዱን መስታወት ደጋግሞ ማንሣትና አማካዩን መውሰድ ነው፤ የካሜራው ኖይዝ አብዛኛው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመስታወቱ ቅንጣት ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ቅጂ ከዋናው ሲለይ የሚያስከትለውን ጉዳት የውጫሌ ውል አስተምሯል። ውሉን ሲከራከሩበት የኖሩት መሐንዲስ የተዉት ቅርስም ከዋናው ያልተለየ ቅጂ ይገባዋል።