ዳግማዊ ሊዮፖልድና በዕድሜ የተከራዩት የላዶ ምድር

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ አካባቢ፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ላዶና ረጃፍ የሚባሉ ቦታዎች ይገኛሉ። ጁባ ከመቈርቈሯ በፊት ይህ አገር በአንድ ሰው ስም በኪራይ ተይዞ ነበር። ተከራዩም የቤልጂክ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ነበሩ።

ሊዮፖልድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1835 ዓ.ም. በብሩክሴል ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አልጋ ወራሽ ሳሉ ግብጽን፣ ህንድንና ቻይናን ጐብኝተው የሩቅ አገር ንግድ የሚያስገኘውን ሀብት ተመለከቱ። በ1865 አባታቸው ሲሞቱ ነገሡ። የቤልጂክ መንግሥት ቅኝ አገር ለመያዝ ፈቃደኛ ስላልነበረ በግላቸው ተነሡ። በ1885 የበርሊን ጉባኤ ሲፈጸም ከቤልጂክ ከ70 ጊዜ በላይ የሚሰፋው ኮንጎ የእሳቸው ሆነ። በዚያው ዓመት ባወጡት ድንጋጌ ባዶ የተባለው መሬት ሁሉ የመንግሥት ርስት ተደረገ። ሕዝቡ የሚያድንበት ዱርና ያሳደረው እርሻ ሳይቀር እንደ ባዶ ተቈጠረ። ኋላም ሕዝቡ የዱር ጎማ እንዲለቅም በግዴታ ተይዞ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡ ግን ኮንጎን አንድ ጊዜ እንኳ ሄደው አላዩም።

ይህም ሳይበቃቸው ዓይናቸውን ወደ ዓባይ አዞሩ። በ1894 የእንግሊዝ መንግሥት ፈረንሳይ ወደ ዓባይ እንዳትደርስ በመካከል ሌላ ባለይዞታ ለማቆም አስቦ፣ ከወንዙ በስተምዕራብ ያለውን ምድር ለንጉሡ አከራየ። ላዶ የሚገኝበት ክፍል የተሰጣቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ነበር። አገሩን ቀድሞ የግብጽ መንግሥት ይገዛው ነበር፤ ውሉ ሲፈረም ግን በደርቡሾች እጅ ነበረ። ስለዚህ አከራዩ ያልያዘውን አከራየ፤ ተከራዩም ያላዩትን ተከራዩ። የባሪ ሕዝብና ሌሎቹ ባለአገሮች ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም።

ወሰኑም ቀላድ ተጥሎ፣ ችካል ተተክሎ የተለየ አልነበረም። በምሥራቅ የዓባይ ወንዝ፣ በምዕራብ በካርታ ላይ የተሠመረው 30ኛው ኬንትሮስ ነበር። ፈረንሳይና ጀርመን ውሉን ስለ ተቃወሙ፣ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው ስምምነት የንጉሡ ይዞታ ከ5 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ በስተሰሜን እንዳያልፍ ተወሰነ። በ1897 ሻልተን የሚባለው የጦር አዛዣቸው ደርቡሾችን ረጃፍ ላይ ድል አድርጎ አገሩን ያዘ። በ1906 በተፈረመው አዲስ ውል የቀረው የኪራይ መብት ተሰርዞ ላዶ ብቻ ለንጉሡ ቀረ፤ ይዞታቸው ባበቃ በ6 ወር ውስጥ ግን ለሱዳን እንዲመለስ ተደነገገ።

በኮንጎ የተፈጸመው ግፍ በዓለም ከተሰማ በኋላ በ1908 የቤልጂክ መንግሥት ኮንጎን ከእጃቸው ተረከበ። በታኅሣሥ 1909 ንጉሡ ዐረፉ፤ በሰኔ 1910 ላዶ ለሱዳን ተላለፈ። አስተዳደሩ በላላበት በዚያ ወራት የዝሆን ጥርስ ፈላጊዎች ከየአቅጣጫው ጐረፉ። በ1914 ደግሞ ደቡባዊው ክፍል ወደ ኡጋንዳ ዞረ። የላዶ ሰው አይቶት የማያውቀው ሽማግሌ በብሩክሴል በመሞቱ ጌታው ተለወጠበት፤ ጥቂት ቈይቶም አገሩ ተከፈለ።

በዚሁ ዘመን፣ በዚሁ በዓባይ ተፋሰስ ሌላ የኪራይ ውል ተፈርሞ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን አከራዩ። በወንዙ በኩል ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፣ ሱዳንም በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ይኸው የጋምቤላ ጣቢያ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ሁለቱም ውሎች ጊዜያቸው ሲደርስ ፈርሰዋል። ልዩነቱ የጋምቤላው ውል ልክንና ሥራን ወስኖ በባለአገሩ ንጉሥ እጅ መፈረሙ፣ የላዶው ግን በባዕዳን መካከል ተፈርሞ በአንድ ሰው ዕድሜ መለካቱ ነው። የሊዮፖልድ ታሪክ ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ መሬት ከመሰጠቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ፣ ወሰኑም በምድሩ ላይ ይለካ።