የቬኒሱ ዶጅ ሌዎናርዶ ሎሬዳን

በዚህ እትማችን ስለ ሌዎናርዶ ሎሬዳን ጥቂት እንበላችሁ። ቬኒስ ንጉሥ አልነበራትም፤ ዶጅ የሚባለውን መሪ መኳንንቱ ዕጣና ድምፅ እያፈራረቁ ይመርጡት ነበር። ሎሬዳን እ.ኤ.አ. በ1436 ተወልዶ በ1501 ተመረጠ። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ቢሆንም እንዳሻው አያዝም፤ አማካሪዎቹ በሌሉበት የውጭ መንግሥት ደብዳቤ እንኳ መክፈት አይችልም ነበር።

በ1509 የቬኒስ ጦር አኛዴሎ ላይ ድል ሲመታ፣ ዶጁ ሌላውን ዝመት ብሎ የራሱን ልጆች እቤት አላስቀመጠም፤ ፓዱዋን እንዲከላከሉ ላካቸው። ከተማይቱም ከበባውን ተቋቋመች።

በ1521 ሲሞት ግን ይህ ሁሉ ውለታ ከምርመራ አላዳነውም። መርማሪዎች ሥራውን ፈተሹ፤ ወራሾቹም ገንዘብ ተቀጡ።

ምርጫው የጥቂቶች እንጂ የሕዝብ አልነበረም። ቢሆንም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን እዚያ ቢነገር፣ ሹሙ ቢሞት እንኳ ልጆቹን ያስከፍል ነበር። ነገ ክፍል የምንረከብ ሁሉ እናስብበት።