ሄሮንና የሳንቲም ቀዳዳ

የሦስቱን ጎኖች ርዝመት ብቻ ይዘን የሦስት ማዕዘንን ስፋት የምናወጣበት ስሌት የሚጠራው በሄሮን እስክንድራዊ ስም ነው። ይኸው ሰው የሳንቲም መጣያ ቀዳዳ ያለውን መኪና በጽሑፍ ያስተማረን መሆኑ ግን በመካከላችን ብዙ አይወሳም።

ሄሮን ሮማውያን ግብፅን በሚገዙበት ዘመን በእስክንድርያ የኖረ የሒሳብና የመካኒክ ሊቅ ነበር። በአንድ መጽሐፉ የጠቀሰውን የጨረቃ ግርዶሽ ሊቃውንት አስልተው በ62 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታየው ነው ስላሉ፣ ዘመኑን በዚሁ ይወስኑታል። ስለ መሬት ልኬትና ስለ ከባድ ዕቃ ማንሻ ጽፏል፤ በእንፋሎት የሚሽከረከር ኳስም አሠራሩን ገልጿል።

ስለ አየርና ስለ ውሃ ግፊት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለቤተ ጣዖት የሚሆን አንድ የውሃ ዕቃ ይገኛል። መታጠብ የፈለገ ሰው የአምስት ድራክማ ሳንቲም በላይኛው ቀዳዳ ይጥላል። ሳንቲሙ በሚዛን ዘንግ ጫፍ ባለች ዝርግ ሳህን ላይ ሲያርፍ ጫፉ ይዘቀዝቃል፤ ሌላው ጫፍ ክዳኑን ያነሣና ውሃው ይፈሳል። ሳንቲሙ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ክዳኑ ተመልሶ ይገጥማል፤ ውሃውም ያቆማል።

ሄሮን በመሠዊያ እሳት ሲነድ በራሱ የሚከፈት የሚመስል የቤተ ጣዖት በርም ነድፏል። ሕዝቡ ተአምር ነው ቢል አያስገርምም። ሄሮን ግን ከበሩ ሥር ያለውን ገመድና የውሃ ዕቃ እየዘረዘረ ጻፈ፤ ማንበብ የቻለ ሁሉ ምስጢሩን አገኘ።

ከ1800 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የባቫርያ ተወላጅ የሆነው ቻርልስ ፌይ በሳን ፍራንሲስኮ ባለ ሦስት መንኮራኩር የቁማር መኪና ሠራ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቀዳዳውን ስሎት ስለሚሉት መኪናው ስሙን ከዚያው ወሰደ። በኮምፒዩተር ውስጥም ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ስሎት ይባላል፤ ልኩ ያልሆነውን ካርድ አይቀበልም።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ይለያያል። በሄሮን ዕቃ ሳንቲም የጣለ ሁሉ ውሃ ያገኛል። የቁማሩ መኪና ግን የሚከፍለው ከሚቀበለው እንዲያንስ ሆኖ የተሰላ ነው፤ ስሌቱም ለተጫዋቹ አይታየውም። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከሄሮን ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም እንውረስ፤ ሳንቲማችንን ከመጣላችን በፊት የመኪናውን ውስጥ እንጠይቅ።