ጫማ ሰፊው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ

በኢጣልያ አገር በስተ ደቡብ ቦኒቶ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በዚህች መንደር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓመት ተወለደ። አባቱ ድኻ ገበሬ ነበረ፤ ልጆቹም 14 ነበሩ፤ ከእነርሱም ሳልቫቶሬ 11ኛው ነው።

ይህ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ከጫማ ሰፊው ደጃፍ አይጠፋም ነበር። ወላጆቹ ግን ይህን አይወዱም ነበር፤ ጫማ መስፋት በዚያ አገር የተናቀ ሥራ ነበረና። በኢትዮጵያም ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ፋቂ እያሉ መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሳልቫቶሬም በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚሁ ዕድሜው እኅቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቈርቡበት ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ነጭ ጫማ ማድረግ ልማድ ነው፤ በቤቱ ግን መግዣ ገንዘብ አልነበረም። በእንጨት ጫማ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ነውር ስለ ሆነ እናቲቱ እጅግ ተጨነቀች። ሳልቫቶሬ ከጎረቤት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሸራና ሙጫ፥ ምስማርና ፎርማ ለምኖ አመጣ፤ ሌሊቱንም ሁሉ ሲሰፋ አደረ። በማግሥቱ እኅቶቹ ነጭ ጫማ አድርገው ሄዱ። ወላጆቹም ከዚያ በኋላ ልጁን ከሙያው መከልከል ተዉ።

ሳልቫቶሬ በናፖሊ ጥቂት ጊዜ ተማረ፤ ጢም ሳያበቅልም በመንደሩ ሱቅ ከፈተ። ኋላም ወንድሞቹ ወዳሉበት ወደ አሜሪካ በመርከብ ተሻገረ። በቦስተን ከተማ ትልቅ የጫማ ፋብሪካ አየ፤ ዳሩ ግን በመኪና የተሠራው ጫማ ከባድና ሻካራ ሆኖ ስለ ታየው በዚያ ሊቈይ አልወደደም። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለሲኒማ ተጫዋቾች በእጁ ይሰፋ ጀመር፤ ስሙም ወጣ።

ጫማው ያማረ ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ሌሎች ሰዎች ጫማ ሁሉ እግር ያሳምም ነበር። ይህ አላስተኛውም። በማታ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየሄደ የሰውን አካል አሠራር ተማረ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ በውስጥ እግር መካከል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ እንደሚያርፍ ተረዳ። ስለዚህ በጫማው ውስጥ በዚያ ስፍራ ልክ ቀጭን የዐረብ ብረት እያኖረ እግርን ደገፈ።

በ1927 ዓመት ወደ ኢጣልያ ተመልሶ በፊሬንዜ ከተማ ተቀመጠ። በ1933 ዓመት ዕዳ በዝቶበት ከሠረ፤ ከጥቂት ሠራተኞች ጋርም እንደ ገና ከታች ጀመረ።

በ1935 ዓመት ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ጦር አስነሣ። ጦሩም ከማይጨው ውጊያ በኋላ በወልዲያ በኩል አልፎ ደሴን ያዘ፤ አገራቸውን ሊጠብቁ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ለመቅጣት አንዳንድ ንግድ ከለከለ፤ ነዳጅን ግን ስላልከለከለ ወረራው አልቆመም። የፌራጋሞ ሱቅ ግን ችግሩ ደረሰበት። መልካም የዐረብ ብረት ጠፋ፤ በደካማ ብረት የተሠራውም ጫማ ይሰበር ጀመር።

በዚህ ጊዜ ቡሽን አሰበ። ቡሽ የጠርሙስ አፍ የሚደፈንበት ቀላል የዛፍ ቅርፊት ነው፤ በሰርዴንያ ደሴትም በብዙ ይገኛል። ፌራጋሞ በጫማው መርገጫና በታኮው መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ በቡሽ ሞላው፤ ብረትም አላስፈለገውም። ቆዳ ሲጠፋ ደግሞ በሣርና በከረሜላ መጠቅለያ ሠራ። የቡሹም ጫማ በብዙ አገር ታወቀ፤ የተወለደበት ምክንያት ግን ለኢጣልያ የሚያኮራ አልነበረም።

በ1938 ዓመት በፊሬንዜ ያለውን ትልቅ ጥንታዊ ቤት ገዛ። በ1947 ዓመት ማሰሪያው በቀጭን የናይሎን ክር ስለ ተሠራ የማይታይ ስለሚመስል ጫማ በአሜሪካ ሽልማት ተቀበለ። በ1950 ዓመትም 700 ያህል ሠራተኞች በእጃቸው ይሰፉለት ነበር።

ፌራጋሞ በ1960 ዓመት በ62 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ዋንዳ ስድስት ልጆች ታሳድግ ነበር፤ በሱቁ ሠርታ የማታውቅ ስትሆን ሥራውን ተረክባ መራች፤ ታላቂቱም ልጅ ፊያማ የጫማውን ንድፍ ያዘች። ፌራጋሞ የደንበኞቹን እግር በእንጨት እየቀረጸ ስማቸውን ጽፎ ያስቀምጥ ነበር። በዚያው ጥንታዊ ቤትም በ1995 ዓመት የሥራው ሙዚየም ተከፈተ።